የእድሩን ዩፒኤስ ተሸክሜ ይቅርታ የጠየቅኩበት እሁድ

ወገን፣ ዛሬ አንገቴ ወደ ግራ አይዞርም። ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ይሞክራል።

ምክንያቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። ካዛንቺስ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በእድራችን ቤት፣ እናቴ ፊት፣ ዩፒኤስ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አዎ፣ ዩፒኤስ! መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተር እንዳይጠፋ የሚያደርገው ያ ጥቁር ሳጥን። ትንሽ ይመስላችኋል። ውስጡ ግን ባትሪ አለ፣ በቃ ድንጋይ በሉት።

የተሸከምኩት ደግሞ በጌም ምክንያት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ሳምንት እስቅ ይሆናል።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ “እንኳን ደህና መጡ”፣ “ይቅርታ ያድርጉልን”፣ “አሁኑኑ እናስተካክላለን” ስል ነው የምውለው። ሙቅ ውሃ የጠፋበት እንግዳ ሲጮህብኝ ፈገግ እላለሁ። ሻንጣው የዘገየበት ሲጮህብኝም ፈገግ እላለሁ። ሻንጣውን ያዘገየው አየር ማረፊያ ነው እኮ! ምን አገባኝ? ግን ፈገግ እላለሁ።

የሰፈር እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ “እንደ ብስራት ጨዋ ብትሆን ምን አለ?” ይላሉ። ማለቴ፣ ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት።

ከሥራ ስወጣ ግን ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ከዚያ ብስራት ይወጣና ጥቁር ነብር ይገባል።

ጥቁር ነብር የጌም ስሜ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ያወጣሁት ስም ስለሆነ እባካችሁ እለፉኝ።

ጌሙን ለማታውቁት፦ አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር በኢንተርኔት ይጋጠማል። እኛም ግንብ አለን፣ እነሱም ግንብ አላቸው። የሌላውን ግንብ ቀድሞ ያፈረሰ ያሸንፋል። እኔ ተዋጊ ነኝ። ከኋላዬ ደግሞ ስቆስል የሚያክመኝ ሐኪም አለ። ከስክሪኑ ግርጌ፣ ለቡድናችሁ የምትጽፉባት ትንሽዬ ሳጥን አለች።

ነገር ሁሉ የሚበላሸው እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው።

እዚያ የሚጻፈውን ብታዩ! ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። በሁለተኛው ደቂቃ ደደብ ትባላለህ። በአምስተኛው ደቂቃ እናትህ ትነሳለች። በአሥረኛው ደቂቃ አንተም የሰው እናት እያነሳህ ነው። እኔማ ፈጣን ነኝ፤ የሪሴፕሽን ሥራ ጣት ያፍታታል።

ሐኪሜ ናቲ ነው።

ናቲ የላንቻ ልጅ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። የሱ ምሳ የኔ ነበር፣ የኔ ምሳ ደግሞ የኔ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ መክሊትን ያገባል። መክሊት ሰንጋ ተራ ቢሮ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ምንም አያመልጠውም።

አንደኛ ሚዜው ማን ነው? እኔ! የሚዜ ዳንስ ልምምድ ሳይቀር ጀምሬ ነበር፣ ብቻዬን፣ መስታወት ፊት።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ ዕረፍት ነበርኩ። እኔ ካዛንቺስ ከቤቴ፣ ናቲ ላንቻ ከቤቱ፣ ሌሎቹ ሁለቱ በኔት ብቻ የምናውቃቸው የአዲስ አበባ ልጆች፣ አምስተኛው የማይናገር አንድ ልጅ። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ጀመርን።

እያሸነፍን ነበር። ግንባቸው ሊፈርስ አንድ ውጊያ ነው የቀረው። ገባሁ። ተመታሁ። ናቲ ያክመኛል ብዬ ዞር ብዬ አየሁት።

እንደ ስልክ እንጨት ተገትሯል።

ሞትኩ። እዚያ ጌም ውስጥ ስትሞት ትንሽ ቆይተህ ትነሳለህ። ተነሳሁ፣ ሄድኩ፣ ሞትኩ። ናቲ እዚያው ነው። የጠላት ሰዎች አጠገቡ እያለፉ ግንባችንን ያፈርሳሉ፤ እሱ ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል። አሥራ አንድ ደቂቃ!

ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ፤ እኔም በደንብ የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ተሸነፍን። ላፕቶፔን ዘጋሁ፣ ራቴን በላሁ፣ ተኛሁ። ጥሩ እንቅልፍ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ እንቅልፍ ነው።

ዓርብ ጠዋት ከናቲ ቴክስት ገባ። “ሚዜነቱ ይቅርብህ።”

በቃ። ሌላ ነገር የለውም።

ደወልኩ፣ አያነሳም። ድጋሚ ደወልኩ፣ ዘጋው። “ወንድሜ ጌም እኮ ነው” ብዬ ጻፍኩለት፣ አየው፣ አልመለሰም። ሥራ ቦታ አንዱ እንግዳ “ክፍሌ የቱ ጋ ነው?” ሲለኝ “አሁኑኑ እናስተካክላለን” አልኩት።

ከናቲ ጋር ተጣልተን አናውቅም። ማለቴ፣ በኳስ፣ በሴት፣ በብድር ሸሚዝ ተጣልተናል፤ ግን ሁሌ እሱ ነበር ቀድሞ የሚደውለው። አሁን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳየው ዋልኩ። ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ወንድም የለኝም። እሱን ነው ያለኝ።

ከእናት ምን ይደበቃል? ቅዳሜ ቁርስ አልበላም ስል እናቴ አንዴ አየችኝና “ከናቲ ጋር ነው?” አለች። ነጠላዋን አንስታ በቀጥታ ወደ ጋሽ ወልዴ ሄደች።

ጋሽ ወልዴ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ዛሬም ሰላም ሲሉህ ስምህን እስከ አያትህ ነው የሚጠሩት። ሁለት ሽማግሌዎች ሊጨመሩ ነበር፤ አንዱ ታመሙ፣ አንዱ ሠርግ ነበረባቸው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ብቻቸውን ሦስት ሆነው ተቀመጡ።

ቦታው የእድሩ ቤት ነው። ድንኳን ተጠቅልሎ ጥግ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ትልልቅ ብረት ድስቶች ተደራርበው። የጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ኮምፒዩተር አለ። ኮምፒዩተሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ከሥሩ ያለው ዩፒኤስ ግን አሁንም የጋሽ ወልዴን ሞባይል ቻርጅ ያደርጋል።

ናቲና መክሊት ተያይዘው ገቡ። ናቲ ሰላም አለኝ። ጨበጠኝ እንጂ አላቀፈኝም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጨብጦኝ አያውቅም።

“የነገሩ ማስረጃ አለ ወይ?” አሉ ጋሽ ወልዴ።

እኔ ልቤ ቀለል አለኝ። በቃል ከሆነ ትንሽ አለሳልሰዋለሁ አልኩ።

መክሊት ቦርሳዋን ከፈተች። ፕላስቲክ ማኅደር አወጣች። ሐሙስ ዕለት ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ ዓርብ ቢሮዋ ፕሪንት አድርጋዋለች። ሦስት ገጽ።

በከለር!

ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አደረጉ። እኛ አማርኛውን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ ነው የሚያነቡት። እኔ በአንድ ሰኮንድ የጻፍኩት ስድብ እሳቸው አፍ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይቆያል። ድምፃቸው ደግሞ የችሎት ድምፅ ነው።

“ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ። ጥቁር ነብር፦ ‘የት ነህ?’”

“ጥቁር ነብር ማነው?” አለች እናቴ።

“እኔ ነኝ እማዬ።”

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“አስር ከሃያ ሦስት። ጥቁር ነብር፦ ‘አንተ ድንጋይ።’ አስር ከሃያ ሦስት። ጥቁር ነብር፦ ‘ሂል አድርግ።’ ይሄ ምንድነው?”

“አክም ማለት ነው ጋሼ።”

“ማንን?”

“እኔን።”

“ታመህ ነበር?”

“ጌሙ ውስጥ... ቆስዬ።”

“እና እየሰደብከው እንዲያክምህ ነው የፈለግከው?”

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚህ አስቤው አላውቅም።

“አስር ከሃያ አራት። ጥቁር ነብር፦ ‘አህያ።’ አስር ከሃያ አራት። ጥቁር ነብር፦ ‘አህያ አህያ አህያ።’” ሦስቱንም አንድ በአንድ አነበቧቸው። ጋሽ ወልዴ ከመዝገብ ቃል አይዘሉም።

ላብ በላብ ሆንኩ። ስጽፋቸው እኮ ቃላት አይመስሉኝም ነበር። ጣቴ ነበር የሚጽፈው። አሁን ግን በሰው ድምፅ፣ በጠዋት፣ የእድር ድስት አጠገብ ስሰማቸው እያንዳንዱ ክብደት አለው።

“‘ሎል’” አሉ ጋሽ ወልዴ። “ይሄስ?”

“ሳቅ ነው ጋሼ። እሱን ሌላ ልጅ ነው የጻፈው።”

“በማን ነው የሳቀው?”

“በ... ናቲ።”

ገጾቹን አገላበጡ። ፊትና ኋላውን አዩ። “በሦስቱም ገጽ ያለው ሳቅ ይሄ ብቻ ነው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ጨዋታ ነው አልነበር እንዴ ያላችሁኝ?”

ራሴን መከላከል አለብኝ አልኩ። አጉል ድፍረት መጣብኝ። “ጋሼ፣ ጌም ውስጥ ሁሉም ሰው ይሳደባል። የኔ ብቻ አይደለም። ባህሉ ነው።”

“ባህል?” መነጽራቸውን አወለቁ። “ባህል ቢሆን ኖሮ እናትህ ፊት ሲነበብ አታልብም ነበር።”

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም።

ከእድሩ ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ አንገቴን በትራስ ደግፌ ሳስብበት ነው የዋልኩት። ለምንድነው ጌም ላይ እንደዚህ የምንሆነው? እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ናችሁ እንዴ እናንተስ? ጌም ላይ የሚሰድቡኝ ልጆችም መንገድ ላይ ባገኛቸው ቦታ የሚለቁልኝ ይመስለኛል።

ሚኒባስ ውስጥ አስቡት። በአሥራ ሁለት ሰው መሀል ተጣብቀህ አንዱ እግርህን ይረግጥሃል። ፊቱን ታያለህ፣ ድካሙን ታያለህ፣ “ይቅርታ ወንድሜ” ይልሃል፣ “ችግር የለም” ትላለህ። እግርህ ግን ያምሃል። ጌም ውስጥ እግርም የለም፣ ፊትም የለም። አንድ ሐኪም ተገትሮ ነው የሚታይህ። ሐኪሙን የያዘው ሰው ምን ላይ እንዳለ የሚነግርህ የለም፤ ብትጠይቅ ግን ይነግርህ ነበር።

ደግሞ ሌላም አለ። ስናሸንፍ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ስንሸነፍ ያሸነፉን እነሱ አይደሉም፤ ያሸነፈን ናቲ ነው። አምስት ሰው አንድ ላይ ሲሸነፍ አንድ ጥፋተኛ ካልተገኘ እንቅልፍ አይወስደንም።

ሦስተኛውን ለመናገር አፍራለሁ። ሐሙስ ዕረፍት ነበርኩ ብያችኋለሁ። ረቡዕ ግን አንድ እንግዳ ሎቢ ሙሉ ሰው ፊት “አንተ ለዚህ ሥራ አትመጥንም” ብሎኛል። ፈገግ አልኩለት። ያ ፈገግታ የት የሄደ ይመስላችኋል? ናቲ ላይ ነው የወጣው።

ወደ እድሩ ቤት እንመለስ።

ጋሽ ወልዴ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሱ። ማንበብ ጀመሩ፣ ቆሙ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ለብቻቸው ጨረሱት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉት።

ከመዝገብ ቃል የማይዘሉት ሰውዬ ዘለሉ!

“ናትናኤል” አሉ። “ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው ያስከፋህ?”

“ያቺ ያላነበቧት ናት ጋሼ።”

“እዚህ መነገር አለባት?”

ናቲ ወረቀቱን አላየም። በቃሉ ነው ያላት። “‘መክሊት ግን ሰው ጠፍቶ ነው አንተን የምታገባው?’”

እናቴ አፏን ያዘች።

“ድንጋይ ቢለኝ ምንም አይደለም ጋሼ” አለ ናቲ፣ ቀስ ብሎ። “አህያም ይበለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ አህያ ስንባባል ነው የኖርነው። ይቺ ግን የኔ ቃል ናት። ለሱ የነገርኩት እኔ ነኝ።”

ክው አልኩ።

አምና ነው። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ አብረን እንሮጥ ነበር። ናቲ ያኔ ሥራ የለውም። የመክሊት አባት ሽማግሌ ሁለቴ መልሰውበታል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ “አንዳንዴ ሳስበው ሰው ጠፍቶ ነው የመረጠችኝ ይመስለኛል” አለኝ። እኔ “ዝም በል ጅል” አልኩትና ሻይ ጋበዝኩት።

ረስቼው ነበር። እናቴ ትሙት፣ ረስቼው ነበር። አፌ ግን አልረሳትም፤ የሚጎዳ ነገር ሲፈልግ ሄዶ እሷን አመጣት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ወጊውም እኔ፣ ረሺውም እኔ።

“ያን ቀን ለምን እንደቆምኩ ጠይቆኝ ያውቃል?” አለ ናቲ።

አልጠየቅኩትም።

“የመክሊት አባት ደውለውልኝ ነበር።”

ይሄን የማይረዳ ያገሬ ሰው አለ? የሚስትህ አባት ሲደውሉ ተቀምጠህ አታናግርም። ባያዩህም ትነሳለህ። ናቲ ተነስቶ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነው ያናገራቸው። ከአሥራ አንዱ ደቂቃ ስድስቱ ሰላምታ ነበር። ጤናቸው፣ ጤናው፣ እናቱ፣ ሥራው፣ ዝናቡ። የደወሉበትን ነገር የተናገሩት መጨረሻ ላይ ነው።

“ደውለውልኝ አያውቁም” አለ ናቲ። “‘ልጄ’ አሉኝ። ‘እስከ ዛሬ ያስቸገርኩህን እርሳልኝ፣ ከእንግዲህ ልጄ ነህ’ አሉኝ። ለሁለት ሰው ልነግር እየሮጥኩ ገባሁ። አንዷ የጥሪ ካርድ ስታጽፍ ቆይታ መጥታ፣ ኮምፒዩተሬ ፊት ቁጭ ብላ ታነባለች። ሌላው ስክሪኑ ላይ ነው።”

መክሊት ናቲን እያየችው ነበር። “እንደዚያ እንደምታስብ አላውቅም ነበር” አለችው። እጁን ያዘችው።

ይቅርታ የምትለዋን ቃል በቀን መቶ ጊዜ እላታለሁ፣ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም እችላታለሁ። አልወጣ አለችኝ።

“ድንጋይ ይሸከም” አለች እናቴ።

“እትዬ ፀሐይ፣ እስከዚያ እንኳን...” አለ ናቲ።

“ይሸከም አልኩ!”

ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። ራሴ! ግቢው ሲሚንቶ ነው። በር ላይ ኮብልስቶን አለ፣ አንዱ ልቅ ብሎ ስነቀንቀው ጋሽ ወልዴ በመስኮት “የመንግሥት ንብረት ነው!” አሉኝ። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ “ለምን ፈለግከው?” አሉኝ። ምን እላለሁ? ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ጋሽ ወልዴ ዙሪያቸውን ቃኙ። ዓይናቸው ሞባይላቸው ላይ አረፈ፣ ከሞባይሉ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ዩፒኤሱ ሄደ።

“ይሄ ዕቃ ያንተ ቤትም አለ?”

“አለ ጋሼ።”

“ሥራው ምንድነው?”

“መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ እንዲቀጥል ነው።”

“ማለት፣ መብራት ሲጠፋ እንኳን ስድቡ እንዳይቋረጥ።”

“እ... አዎ።”

“በል እሱን ተሸከም።”

ነቀልኩት። አንገቴ ላይ አደረግኩት። ተንበረከክኩ። አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። ዩፒኤስ ከሶኬት ስትነቅለው ይጮሃል።

ጢጥ።

“ናቲ፣ ወንድሜ...”

ጢጥ።

“ያልኩህን ሁሉ...”

ጢጥ።

“ምንድነው የሚለው?” አሉ ጋሽ ወልዴ።

“መብራት የለም እያለ ነው ጋሼ።”

“አጥፋው!”

ቁልፉ ከፊት ለፊቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ፊቱን ወደ ጀርባዬ አድርጌ ነው የተሸከምኩት። እጄ አይደርስም። መክሊት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እናቴ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም። እንደዚያው እየጮኸብኝ ቀጠልኩ። ምክንያቱም ያቺ ቃል አሁን ካልወጣች መቼም አትወጣም።

“የነገርከኝን አምነህ ነው የነገርከኝ። ጢጥ እያለም ቢሆን ስማኝ። ደረጃው ላይ ያልኩህ ‘ዝም በል’ ነው። ማለት የነበረብኝ ሌላ ነው። እሷ የመረጠችህ ሰው ስለሆንክ ነው። እኔ ነኝ ሰው ጠፍቶ ጓደኛ የሆንኩህ።”

ናቲ ተነሳ። የተበደለው ነው ሸክሙን የሚያነሳው፣ ወጉ ነው። ዩፒኤሱን ከአንገቴ አነሳ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ዝም አሰኘው።

“ይቅር ብዬሃለሁ” አለ። “ሚዜነቱን ግን መክሊትን ጠይቃት።”

መክሊት አላስጠየቀችኝም። “ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግባ። እኔም እገባለሁ።”

“የት?”

“ጌም።”

ወገን፣ መክሊት በሕይወቷ ጌም ነክታ አታውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ገባሁ። ናቲ በኮምፒዩተሩ፣ መክሊት አጠገቡ በላፕቶፗ፣ እነዚያ ሁለቱ ልጆችም አሉ። መጀመሪያ “ሰላም ዋላችሁ፣ እንዴት ናችሁ?” ብዬ ጻፍኩ።

አንደኛው ልጅ “ማን ሞተ?” ብሎ መለሰ።

መክሊት ሐኪሜ ሆነች። በመጀመሪያው ደቂቃ “የቱ ነኝ እኔ?” ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ደቂቃ ግድግዳ ላይ ስትሄድ ነበር። እኔ ስቆስል እሷ ዛፍ ታያለች። አሥራ አራት ጊዜ ሞትኩ! ቆጥሬያለሁ። ጣቴ አንዴ የ“ደደብ” መጀመሪያ ፊደል ላይ ደርሶ ነበር፤ አጠፋኋት።

ከዚያ ያ “ማን ሞተ” ያለው ልጅ ጻፈባት። “ይሄ ድንጋይ ማነው?”

ደሜ ፈላ። እንዴት አባቱ! ልጽፍለት የነበረውን ብትሰሙ ዩፒኤስ አይበቃኝም ነበር። አንገቴ ግን ቀና ስል ቆነጠጠኝ። ጣቴ በልማዱ የሚያውቀውን ሌላውን ነገር ጻፈ።

“ስለተፈጠረው ይቅርታ ያድርጉልን። እንግዳችን ገና አዲስ ናቸው። አሁኑኑ እናስተካክላለን።”

ልጁ መለሰ፦ “እሺ። ችግር የለውም። ዛሬ ፈተና ወድቄ ነው።”

“አይዞህ” አልኩት። “ትደግመዋለህ።”

ይኸው ነው። ስንት ዓመት አብሬው ስጫወት ተማሪ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ተሸነፍን። እንዴት ያለ ሽንፈት መሰላችሁ! ሊያልቅ ሲል መክሊት ጻፈች፣ ቀስ እያለች፣ ፊደል እየፈለገች።

“ብስራት።”

“አለሁ።”

ጠበቅኩ።

“ናቲ ግን ሰው ጠፍቶ ነው አንተን ሚዜ የሚያደርገው?”

ቀዘቀዝኩ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ። እውነቷን ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሁለተኛ መስመር መጣ፦ “ቅዳሜ አራት ሰዓት ሱፍህን ልትለካ ና። አታርፍድ።”

የዚያች ቃል ሸክም እኔ ላይ የቆየው ሃያ ሰኮንድ ቢሆን ነው። ናቲ ላይ ሦስት ቀን ቆይቷል። ሱፉን ስለካ ይሄን አልረሳም።

ከሥሩ ደግሞ ናቲ ጻፈ።

“ሎል።”

ጋሽ ወልዴ፣ ካነበቡት፣ አንድ ሳቅ ተገኝቷል። መዝገቡ ላይ ይያዝልን።

አሁን ሚዜ ሆናችሁ የምታውቁ አንድ ነገር ንገሩኝ። አንገቱ ወደ ግራ የማይዞር አንደኛ ሚዜ፣ ሙሽራውን ማየት ከፈለገ በየት በኩል ነው የሚቆመው?